ጥያቄ ምልክት የሆነው እንኳን አደረሳችሁ

መነሻውን ጥያቄ ኢንተርኔት ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። መስከረም 7፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ። በአራት ቀን 41 መልስ መጣ። ግማሹ ረዳኝ፣ ሩቡ ወቀሰኝ፣ የቀረው ስለ «ፀ» እና ስለ «ጸ» ተጣላ። ክሩን፣ ጥያቄውንና መልሶቹን ማለቴ ነው፣ ከላይ እስከ ታች የሚያነብ ብዙ ሰው ስለማይኖር እዚህ ልተርከው።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። የሰፈራችን ልጆች የሚገናኙበት መድረክ አለን፤ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ። ሰርቨሩን የምከራየው፣ የተጣላ የማስታርቀው፣ የይለፍ ቃል የጠፋበትን የምረዳው እኔ ነኝ። ኑሮዬ ሜሪላንድ ነው፣ እንጀራዬ ደግሞ ሌላ ሥራ። ጳጉሜን 3 ማታ ጓዜን ጠቅልዬ ኪራዩ ቀነስ ወዳለ ሰርቨር ገባሁ። እግረ መንገዴን የመድረኩን ሶፍትዌር ወደ አዲሱ ስሪት አሳደግሁት። ከዚያች ማታ ጀምሮ የድሮው ጽሑፍ በሙሉ ዝብርቅርቁ ወጣ። አናቷ ላይ ጭረት ያረፈባት ትንሿ የላቲን «ኤ» በየመስመሩ ሠላሳ አርባ ጊዜ ትደረደራለች፣ በመካከሏ ኮፍያና ነጠብጣብ የመሰለ ነገር። ከጳጉሜን 3 ወዲህ የተጻፈው ደግሞ ሌላ በሽታ ነው። ጥያቄ ምልክት ብቻ። አንዱ የበዓል ርዕስ አራት ጥያቄ ምልክት፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ስድስት ጥያቄ ምልክት ሆኖ ቁጭ ብሏል። የሁለቱንም ፎቶ አያይዤ ምን ይሻለኛል ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ ሦስት መልስ ነበር። ሦስቱም ትሁት፣ ሦስቱም ከንቱ። ቁጥር 1 ካሹን አጥፍቼ ገጹን እንደ አዲስ እንድከፍት መከረ። ቁጥር 2 በየትኛው ብራውዘር እንደምገባ ጠየቀ። ቁጥር 3 ኒያላ የሚባለውን ፎንት እንድጭን ነገረኝ። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ የግዕዝ ፎንት ነው፤ እኔም ኮምፒውተር ላይ አለ። ሁሉንም ሞከርኩ። ምንም።

ቁጥር 4 ላይ ነው ነገሩ መልክ የያዘው። ሰውየው ደረቅ ነው፣ ሰላምታ እንኳን የለውም፣ ግን ሥራውን ያውቃል። እንደሱ አባባል ፊደል ሲበላሽ የተበላሸበት መልክ ራሱ የት እንደተበላሸ ይናገራል። ባዶ ሳጥን ከታየ ጽሑፉ ደህና ነው፣ የጎደለው ፎንት ነው። ጥቁር አልማዝ ውስጥ የተቀመጠ ጥያቄ ምልክት ከታየ አንዱ ፊደል መሀሉ ላይ ተቆርጧል፣ ወይም ኮምፒውተሩ የማያውቀው ባይት ገጥሞታል፤ ባይት ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጥበት ቁጥር ነው። ጭረት ያላት «ኤ» ከተደረደረች ጽሑፉ በሕይወት አለ፣ የሚነበብበት መነጽር ነው የተሳሳተው። ተራ ጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ሞቷል። ባክአፕ ከሌለህ አልቅስ ብሎ ዘጋው። ፎንት ጫን ያለውን ቁጥር 3ንም በአንድ መስመር ጎሸም አድርጎት አለፈ።

ይህን ያነበብኩት መኪና ውስጥ፣ የሥራ በር ላይ ቆሜ ነው። ያ ሁሉ የአዲስ ዓመት ሰላምታ ሞቷል ማለት ነው? ትንሽ ቆየሁ ሳልወርድ።

ቁጥር 5 የሰፈራችን ልጅ ናት። ክሩን አግኝታ ገብታ ነው እንጂ ስለ ሰርቨር አታውቅም። ያ የድሮ ፎቶዎች ሥር የሁሉም ስም የተጻፈበት ገጽ ይተርፋል ወይ ብላ ጠየቀች። ማንም አልመለሰላትም። እኔም የምለው አልነበረኝም።

ቁጥር 6 ያቺ «ኤ» ለምን እንደምትደጋገም አስረዳ። የኛ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው የገባው፤ ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጥ መዝገብ ነው። ያንን ቁጥር ወደ ባይት በሚለውጠው በዩቲኤፍ8 ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፣ የመጀመሪያው ባይት ደግሞ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያለ ልዩነት አንድ ነው፤ ኢ1 ይባላል። «ሰ» ለምሳሌ ኢ1፣ 88፣ ቢ0 ነው። ይህንኑ በላቲን መነጽር ለሚያነብ ኮምፒውተር ኢ1 ማለት ያቺው ጭረት ያላት «ኤ» ናት። ስለዚህ አማርኛ ሲበላሽ ሁሌም እሷ ናት ከፊት የምትቀድመው። ለኔ ይህ ብቻውን ክሩን የሚያስነብብ ነበር።

ቁጥር 7 ቁጥር 4ን አረመ። በጨዋነት፣ ግን አልለቀቀውም። ጥያቄ ምልክት ሁሉ ሬሳ አይደለም አለ። አንዳንዴ ዳታቤዙ ውስጥ፣ ጽሑፉ ተከማችቶ በሚኖርበት ቋት፣ ያለው ጽሑፍ ደህና ሆኖ ሲወጣ ብቻ ነው በር ላይ ጥያቄ ምልክት የሚሆነው። ስለዚህ ከማልቀስ በፊት ባይቱን ራሱን ማየት ነው። ዳታቤዙን በሚያስተዳድረው ፕሮግራም በማይኤስኪውኤል ውስጥ ሄክስ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ጽሑፉን ሳይሆን ጥሬ ባይቱን ያሳያል። ኢ1 ካየህ አለ፣ 3ኤፍ ካየህ የለም። 3ኤፍ ማለት የጥያቄ ምልክት የራሱ ኮድ ነው። ቁጥር 4 ተመልሶ መጥቶ እሱም ይህን ሊል እንደነበር ጻፈ። ይሁን።

ማታ ቤት ገብቼ አየሁት። የድሮዎቹ ኢ1 88፣ ኢ1 89፣ ኢ1 8ኤ እያሉ እስከ ታች ይወርዳሉ። አንድም አልተነካም። ከጳጉሜን 3 ወዲህ ያሉት 3ኤፍ 3ኤፍ 3ኤፍ 3ኤፍ፣ 20፣ 3ኤፍ 3ኤፍ 3ኤፍ 3ኤፍ 3ኤፍ 3ኤፍ። አራት፣ ክፍት ቦታ፣ ስድስት። እንኳን አደረሳችሁ።

ውጤቱን ስለጥፍ ቁጥር 10 ምክንያቱን ፈታው። ሠንጠረዦቼ ከጥንት ጀምሮ ላቲን1፣ የምዕራብ አውሮፓ ፊደል ብቻ የሚያውቅ የድሮ ኮድ፣ ተብለው የተሰየሙ ነበሩ። የድሮው ሶፍትዌር ደግሞ ከዳታቤዙ ጋር የሚያወራው በዚያው በላቲን1 ነው። ሁለቱም ተሳስተዋል፣ ግን እኩል ስለተሳሰቱ ባይቱ ሳይነካ ይገባል፣ ሳይነካ ይወጣል። እንዲህ ሆኖ አሥራ አምስት ዓመት ኖረ። አዲሱ ስሪት ትክክለኛውን ቋንቋ ማውራት ሲጀምር ነው ጉዱ የወጣው። ዳታቤዙ ላቲን ነው ብሎ የሚያምነውን ለማስተርጎም ተነሳ፤ የድሮው ዝብርቅርቅ አለ። አዲስ የሚገባውን አማርኛ ደግሞ ወደ ላቲን ሊለውጥ ሞከረ። ላቲን ውስጥ «እ» የለም። ስለዚህ በየፊደሉ አንድ ጥያቄ ምልክት አስቀመጠ። እግረ መንገዱን የማይኤስኪውኤል ነባሪ የፊደል ተራ የስዊድንኛ እንደነበረ ነገረን፤ ኩባንያው ስዊድን ውስጥ ስለተመሠረተ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ስሪት 8.0 ሲወጣ ነው ነባሪው ወደ ዩኒኮድ የዞረው። አንዱ ገባና ታዲያ እድራችን ይህን ሁሉ ዘመን በስዊድንኛ ነበር የሚመዘገበው ወይ ብሎ አሳቀን።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ቁጥር 11 አንድ ነገር አልዋጥልህ አለው። የዛሬ ማይኤስኪውኤል ጥብቅ ነው፤ ላቲን ሠንጠረዥ ውስጥ አማርኛ ልክተት ሲሉት ስህተት ብሎ ይመልሳል እንጂ ዝም ብሎ ጥያቄ ምልክት አይጽፍም። ያንተ ለምን ዝም አለ ብሎ ጠየቀኝ።

ቁጥር 12 ላይ ተናዘዝኩ። ዝም አላለም ነበር። ያን ማታ ለሙከራ ልጽፍ ስል የፊደሉ ዋጋ ትክክል አይደለም የሚል ስህተት አወጣ። ደክሞኛል፣ ጠዋት ሥራ አለኝ። መልእክቱን ገልብጬ ፈለግሁት። የሆነ ሰው የሆነ ቦታ ላይ ጥብቅነቱን በአንድ መስመር አጥፋው ብሎ መክሯል። አጠፋሁት። ስህተቱ ጠፋ፣ ገጹ ተከፈተ። የድሮው መዝበራረቁን አይቻለሁ፣ ነገ አየዋለሁ ብዬ ነው የተኛሁት። ለበዓሉ ሁለት ፈረቃ እሠራ ስለነበር ያ ነገ ዘጠኝ ቀን ሆነ። ሰዉ ደግሞ የስልኩ ችግር እየመሰለው ያንኑ ሰላምታ ሦስቴ አራቴ ለጥፏል።

ቁጥር 13 አልማረኝም። ሌባ ሲመጣ የጮኸውን ውሻ አፉን አስረህ ተኝተሃል አለኝ። ከዚያ በላይም ብሏል፤ አልጽፈውም። እውነቱን ለመናገር ግን የውሻዋ ነገር ልክ ናት። ቁጥር 14 ልጁ በነጻ ነው የሚያገለግለው፣ አንተ ለሰፈርህ ምን አደረግህ ብላ መለሰችለት። ቁጥር 15 በዚህ መሀል ገብቶ በዚህ ዘመን መድረክ ምን ያደርጋል፣ ቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱና ተገላገሉ አለ። አራት መልስ በዚህ ሄደ። ቴሌግራም ላይ የዛሬ ስምንት ዓመት የተጻፈ ነገር አግኝተህ ታውቃለህ ወይ ያለችው ናት ልክ የመሰለችኝ። ሌሎቹን ዝለሏቸው።

ቁጥር 20 ጎበዝ ወጣት ነው። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ስክሪፕት (ትንሽ ፕሮግራም) ጽፎ አመጣልኝ፣ ሳልጠይቀው። ዝብርቅርቁን ጽሑፍ ያነብባል፣ በዊንዶውስ የላቲን ኮድ ወደ ባይት ይመልሰዋል፣ ባይቱን እንደ ዩቲኤፍ8 አድርጎ መልሶ ያነብበዋል። አልገባኝም ያለውን ዘሎ እንዲያልፍም አዝዞታል። ዋስትና ሰጠኝ። ቁጥር 21 ላይ ጋሼ ገቡ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ነው፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ልጄ፣ ዋናውን እንዳትነካ፣ ኮፒ ላይ ሞክር አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። የሳቸው አንድ መስመር ባትኖር ዛሬ ይህን ሳይሆን የይቅርታ ደብዳቤ ነበር የምጽፈው።

ኮፒው ላይ አስኬድኩት። አማርኛ ተመለሰ! ቁጥር 22 ላይ ደስታዬን አልቻልኩትም፣ ሦስት መስመር ምስጋና ጻፍኩ። ቁጥር 23 ያቺው ቅድም ስለ ፎቶዎቹ የጠየቀችው ልጅ ናት። የለጠፍኩትን ናሙና ስታነብ ሰላም የሚለው «ሰላ» ብቻ ሆኖባታል። እግዚአብሔር «ግ»ን አጥቷል። ልጅ «ጅ» ብቻ ቀርቷል። አራት ነጥብ የሚባል ነገር ከገጹ ላይ የለም። ቀረብ ብዬ ሳይ እውነቷን ነው። ሲያዩት አማርኛ ይመስላል፣ ሲያነቡት ጥርሱ የወለቀ ሰው ያወራ ይመስላል።

ቁጥር 24 ለኔ የክሩ ሁሉ ቁንጮ ነው። የዊንዶውስ የላቲን ኮድ ውስጥ ማንም ያልተመደበባቸው አምስት ባዶ ቦታዎች አሉ፦ 81፣ 8ዲ፣ 8ኤፍ፣ 90 እና 9ዲ። ማይኤስኪውኤል እነዚህን ባዶ ቦታዎች ዝም ብሎ ያሳልፋቸዋል። ፓይተን ግን ምንም የለም ብሎ አይቀበላቸውም። የኛ ፊደላት ደግሞ እነዚያን ባይቶች ይጠቀማሉ። «ል»፣ «ው» እና «ግ» በ8ዲ ያልቃሉ። «ም»፣ «ዝ» እና «ኝ» በ9ዲ። «ነ»፣ «ሐ» እና «ዐ» በ90። «ሁ» እና «ቁ» በ81። ከሁሉ የባሰው ግን መሀል ላይ 8ዲ ያለባቸው ናቸው። የ«ፀ» ቤት፣ የ«ፈ» ቤት፣ የ«ፐ» ቤት፣ አራት ነጥቡ፣ ሁለት ነጥቡ፣ የግዕዝ ቁጥሮች፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ናቸው። ስክሪፕቱ እነዚህን ሁሉ ሰብስቦ ጥሏቸዋል። ስህተት እንዳይል አስቀድሞ ስለተነገረው አንድም ቃል አልተነፈሰም። ሁለተኛዋ አፏ የታሰረ ውሻ ማለት ናት፤ ይችኛዋን ግን እኔ አላሰርኳትም።

ወጣቱ ይቅርታ ጠየቀ። ጨዋ ልጅ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ግን ቁጥር 26 አንድ ነገር አስተዋለ። በዚህ ስክሪፕት «ፀሐይ» ብሎ የጻፈ ሰው «ይ» ብቻ ይቀርለታል። «ጸሀይ» ብሎ የጻፈ ግን አንድ ፊደል አይጎድልበትም። እውነት ነው፤ «ጸ» እና «ሀ» ከአደጋው ክልል ውጭ ናቸው። ሰውየው ይህን ለቀልድ ነው ያመጣው። ሌላው ግን ድሮም ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የምንለው ለዚህ ነው ብሎ ነገር ጀመረ። ቁጥር 28 ፊደል የአባቶች ቅርስ ነው፣ የፓይተን ስህተት አይደለም የሚያስቀንሰው ብላ ተቆጣች። ቁጥር 29 እሷ ራሷ ሁለት መስመር ላይ ዓመትን በ«አ» እንደጻፈች አሳየ። ቁጥር 30 ደግሞ እሱን አረመው። ጭቅጭቁ ውስጥ አንዲት ጠቃሚ ነገር አለች፦ መድረኩ ላይ ፍለጋ አልሠራ የሚለው ብዙ ጊዜ በዚሁ ነው። በ«ሠ» የተጻፈውን ሠርግ በ«ሰ» ብትፈልጉት አይገኝም፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት የማይተዋወቁ ፊደሎች ናቸው።

ቁጥር 31 ይህን ሁሉ ሳይነካ መድኃኒቱን ጻፈ። ባይቱ ዳታቤዝ ውስጥ ደህና ከሆነ ማስተርጎም አያስፈልግም፣ ስሙን ማስተካከል ብቻ ነው። ዓምዱን ከላቲን1 በቀጥታ ወደ ዩኒኮድ ከቀየርከው ዝብርቅርቁን እንዳለ ያጸድቀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ብሎብ አድርገው፤ ብሎብ ማለት ቋንቋ የሌለው ጥሬ ባይት ነው። ከዚያ ብሎቡን ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (በማይኤስኪውኤል የዩቲኤፍ8 ሙሉው ዓይነት) ብለህ ሰይመው። የፍለጋ ኢንዴክሱን ቀድመህ አንሳ፣ አለዚያ አይፈቅድልህም። ጥብቅነቱንም መልሰህ አብራ ብሎ ጨረሰ።

ባክአፕ ያዝኩ። ባክአፑን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ መኖሩን አረጋገጥኩ። ከዚያ በየሠንጠረዡ ሁለት ሁለት ትእዛዝ። አርባ ደቂቃ አልፈጀም። ገጹን ስከፍት የ2002ቱ የመጀመሪያው ጽሑፍ ከነአራት ነጥቡ ተቀምጧል። የፎቶዎቹም ስም አለ። ቁጥር 32 ላይ ለልጅቷ በስሟ ነገርኳት።

ከዚያ በኋላ ጥቃቅኑ መጣ። የመነሻው ገጽ ላይ አንዳንድ ርዕሶች መጨረሻቸው ላይ ጥቁር አልማዝ ነበር። ቁጥር 33 የመድረኩ ዲዛይን ርዕስን በ25 ባይት እንደሚቆርጥ አገኘ። ሦስት ለስምንት ሃያ አራት፣ የቀረችው አንዲት ባይት የዘጠነኛው ፊደል እግር ናት። በባይት ሳይሆን በፊደል እንዲቆጥር አደረግሁት፣ ጠፋ። ቁጥር 34 ለምን ኤምቢ4 እንዳስፈለገ ጠየቀ፤ አማርኛ ሦስት ባይት ከሆነ የድሮው ዩቲኤፍ8 አይበቃም ወይ? ለአማርኛው ይበቃል። ለኢሞጂ አይበቃም፣ አብዛኛው አራት ባይት ነው። አንዱ ጨምሮ በ2021 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ የገቡት አዳዲሶቹ የጉራግኛ ፊደላትም አራት ባይት እንደሆኑ ነገረን። ሰፈራችን ውስጥ ስንት ጉራጌ እንዳለ ለሚያውቅ ይህ ቀልድ አይደለም። ቁጥር 35 የመድረኩን ሊንክ ቴሌግራም ላይ ሲልክ ከሥር የሚመጣው ምስል ሳጥን ብቻ ነው አለ። ይህኛው እውነትም የፎንት ጉዳይ ነበር። ምስሉን የሚሥለው ሰርቨሩ ነው፣ የሚያውቀውም የሰጠሁትን የላቲን ፎንት ብቻ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ጫንኩለት። ቁጥር 3 ተመልሶ መጥቶ ፎንት ብዬ አልነበረም ወይ አለ። ሰጠነው።

ቁጥር 36 ጋሼ ናቸው። የሳቸው ጽሑፎች ብቻ አሁንም አይነበቡም። ስናይ በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፉ ናቸው። ያ ፎንት ከዩኒኮድ በፊት የነበረ አሠራር ነው፤ ከሥሩ ያለው ኮድ የላቲን ነው፣ ፎንቱ ብቻ የአማርኛ ልብስ ያለብሰዋል። በኔ ጥፋት የተበላሸ አይደለም፤ ፎንቱ ለሌለው ሰው ድሮም አይነበብም ነበር። ጋሼ ታዲያ እስከ ዛሬ ማንም መልስ ያልሰጠኝ ለዚህ ነው ወይ አሉ። ወጣቱ፣ ባለ ስክሪፕቱ፣ ፊደል በፊደል ልቀይርልዎት ብሎ ወሰደው። በዚህኛው ጊዜ ኮፒ ላይ።

የቀሩት ባለ 3ኤፍ የዘጠኝ ቀን ጽሑፎች ናቸው። እነሱ አልተነሱም፣ አይነሱምም። አንዳንዱ ሰው መጀመሪያ ቴሌግራም ላይ ለራሱ ጽፎ ነው የሚገለብጠው፤ እነሱ መልሰው ለጠፉ። ሌላውን ሰዉ ጥያቄ ምልክት እየቆጠረ ይገምት ጀመር። አራት፣ ሦስት፣ ሦስት፦ መልካም አዲስ ዓመት። ይህ ቀላል ነው። ያስቸገረን ጳጉሜን 5 ላይ ከዱባይ የተለጠፈ አንድ ርዕስ ነው። ሁለት፣ ክፍት ቦታ፣ አምስት። ቁጥር 38 «ቤት የሚከራይ» ነው አለ፤ ልክ ይገባል። ቁጥር 39 ደግሞ «ልጅ ወለድኩኝ» ነው አለች፤ እሱም ልክ ይገባል። ቁጥር 40 ላይ ሁለት ሰዎች አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ ብለው መርቀውታል።

ቁጥር 41 ባለቤቱ ራሱ ነው። «በግ እንካፈል» ነበር የጻፈው። መልስ የሚሰጥ ሲጠፋ ዶሮ ገዝቶ ብቻውን በላ።